ፎርዊልን ሕግ ሳይጥሱ ከፍ ማድረግ፦ ጎማ፣ ሊፍት፣ ቦዲ ሊፍት ወይስ ከፋብሪካ የተዘጋጀ?

ካሊፎርኒያ ውስጥ የመኪናችሁ ከፍታ በሕግ የሚለካው በሻንሲው፣ ማለትም ቦዲውንና ሞተሩን በተሸከመው ዋና የብረት አጽም ነው። መኪናው ምንም ሳይጫን ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል። ከዚያ ከፊትና ከኋላ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን ከሚያገናኘው ዘንግ) እኩል ርቀት ላይ፣ የሻንሲው ዝቅተኛ ቦታ ከመሬት ስንት ኢንች እንደሚርቅ ይታያል። ቁጥሩ ከተፈቀደው ካለፈ መኪናው መንገድ ላይ መነዳት የለበትም። ጣሪያው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ጎማው የቱንም ያህል ቢያስፈራ፣ በዚህ ሕግ ዋናው ጥያቄ ሻንሲው ነው።

ሊፍት፣ ማለትም መኪናን ከፍ የሚያደርግ ዕቃ፣ የሚሸጡ ሱቆች የሚሸጡላችሁ ኢንች ነው። ሁለት ኢንች፣ ሦስት ኢንች፣ ስድስት ኢንች። የትኛው ኢንች ድንጋይ ላይ እንደሚጠቅም፣ የትኛው ደግሞ ከሕጉ ኮታ ላይ እንደሚቀነስ ግን ካርቶኑ ላይ አይጻፍም።

የኔን አቋም ቀድሜ ልንገራችሁ። ቅዳሜና እሁድ ወደ በረሃና ተራራ ለሚወጣ፣ ሰኞ ደግሞ በዚያው መኪና ሥራ ለሚሄድ ሰው፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጥሩ ጎማና እስከ 2.5 ኢንች የሚደርስ ጥራት ያለው የሱስፔንሽን (የሞላና የሾክ) ሊፍት በቂ ነው። ከዚያ በላይ የምታወጡት ገንዘብ በአብዛኛው ለፎቶ ነው። ገና መኪና ያልገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ቁጥር 24008.5 ለሰው ማጓጓዣ መኪና የሚፈቅደው የሻንሲ ከፍታ እስከ 23 ኢንች ነው። 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ለሌሎቹ እንደ ክብደት ልካቸው ይለያያል። እስከ 4,500 ፓውንድ ለሆነ 27 ኢንች፣ ከ4,501 እስከ 7,500 ለሆነ 30 ኢንች፣ ከ7,501 እስከ 10,000 ለሆነ 31 ኢንች።

የክብደት ልክ ሲባል መኪናው ዛሬ ሚዛን ላይ የሚያሳየው አይደለም። ከነጭነቱና ከነተሳፋሪው እስከዚህ ድረስ ይመዝን ብሎ አምራቹ የወሰነው ነው። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ጠንካራ ሞላ ስላስገባችሁ ይህ ቁጥር አያድግም። ሕጉ ራሱ፣ ሌላ ዕቃ ተገጠመም አልተገጠመም የሚሠራው የአምራቹ ልክ ነው ይላል። ስለዚህ «ይህ ሞላ ተጨማሪ 400 ፓውንድ ያስጭናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ሞላው ይችል ይሆናል፤ መኪናው ግን በወረቀት ላይ ያው ነው። ፍሬኑም ያው ነው።

ሁለተኛው ገደብ ስለ ቦዲ ነው። የቦዲው ወለል ዝቅተኛ ክፍል ከሻንሲው የላይኛ ጠርዝ ከ5 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም።

እንደ ራቭፎር ያለ፣ ቦዲውና ሻንሲው አንድ ላይ የተሠራ መኪና ያላችሁም አታመልጡም። የእናንተ የሚለካው ከቦዲው ሥር ባሉት ከፊት ወደ ኋላ በሚሄዱት ዋና ተሸካሚ ብረቶች ነው።

አሁን ወደሚገርመው። የቶዮታዎቹ ታኮማና ፎርራነር የሥጋ ዘመዶች ናቸው። አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎን ለጎን ብታነሷቸው የፊት እግራቸውን ለመለየት ዓይን ይፈልጋል። ታኮማ ግን ፒክአፕ ስለሆነ ካሊፎርኒያ የምትመዘግበው እንደ ጭነት መኪና ነው። ባለ አራት በሩ ታኮማ በክብደት ልኩ መካከለኛው ረድፍ ላይ ስለሚወድቅ 30 ኢንች ይፈቀድለታል። ሰው ማጓጓዣ ተብሎ የተመዘገበው ፎርራነር ግን 23 ላይ ይቆማል። ተመሳሳይ ሞላ፣ ተመሳሳይ ሾክ፣ የሰባት ኢንች ልዩነት። የጂፑ ራንግለርና ፒክአፑ ወንድሙ ግላዲያተርም ልክ እንደዚሁ ናቸው።

ይህን ሱቅ ውስጥ የሚነግራችሁ ሰው ብርቅ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የምዝገባ ወረቀታችሁን አውጡና የተሽከርካሪውን ዓይነት እዩ።

የኢንቹ ሒሳብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚህ ነውና።

ከመኪና ሥር ሁለት ዓይነት ከፍታ አለ። አንዱ ከአክስሉ በታች ያለው ነው፤ ሌላው ከሻንሲው በታች ያለው። ድንጋይ መካከል ስትገቡ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመታው የኋላው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ነው። እሱ ያለው አክስሉ ላይ ነው። አክስሉን ከመሬት የሚያርቀው ደግሞ ጎማው ነው። ሞላውን አሥር ኢንች ብታስረዝሙት አክስሉ ንቅንቅ አይልም። ጎማ ስትቀይሩም የምታገኙት ግማሹን ነው። ባለ 31 ኢንች ጎማ በ33 ሲተካ አክስሉ የሚነሳው 1 ኢንች ነው።

ሊፍት የሚያነሳው ከሞላው በላይ ያለውን ነው። ሻንሲውን፣ ሞተሩን፣ ቦዲውን። ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ሆዱ ጉብታ ላይ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ቀጥ ያለ ዳገት ስትጀምሩ የፊት ባምፐሩ አይሸረፍም። ለትልቅ ጎማም ቦታ ይከፍታል። ከኮታው ላይ ግን ሙሉውን ይበላል። ባለ 2 ኢንች ሊፍት ከኮታው 2 ኢንች ወስዶ ለኋላው አክስል ምንም አይሰጥም። ጎማው 1 ኢንች ወስዶ ለአክስሉም ለሻንሲውም አንድ አንድ ኢንች ይሰጣል።

በምሳሌ እንየው። የአንድ ኤስዩቪ ሻንሲ ሲለካ 19 ኢንች ሆነ እንበል። ጎማው ከ31 ወደ 33 ሲያድግ 20 ይሆናል። 2.5 ኢንች ሊፍት ሲጨመር 22.5። ገና ከ23 በታች ነው። እዚያው ላይ 35 ጎማ ቢገባ 23.5 ሆነና ሕጉ ተጣሰ። ያው መኪና ፒክአፕ ቢሆን ማንም አይናገረውም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚለካው መካከሉ ላይ ስለሆነ፣ ፊቱን ብቻ በ2 ኢንች ብታነሱት መካከሉ የሚያድገው በ1 ኢንች ገደማ ነው። አፍንጫው ወደ ታች ላዘነበለ ፒክአፕ ሌቭሊንግ የሚባለው ሥራ ከሕግ አንጻር ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

| አማራጭ | ከአክስል በታች | ከሻንሲ ኮታ | የዕቃው ዋጋ በግምት | የኔ ፍርድ |
|---|---|---|---|---|
| ጎማ፣ ከ31 ወደ 33 | +1 ኢንች | 1 ኢንች | ለአምስቱ ከ1,300 እስከ 1,800 ዶላር | መጀመሪያ ይህ |
| ስፔሰር፣ 2 ኢንች | 0 | 2 ኢንች | ከ200 ዶላር በታችም አለ | ለመልክ |
| ሙሉ ሱስፔንሽን፣ 2–2.5 ኢንች | 0 | 2–2.5 ኢንች | ከ1,000 እስከ 2,000፤ ውዶቹ ከዚያ በላይ | ሁለተኛ ይህ |
| ቦዲ ሊፍት፣ 1–3 ኢንች | 0 | 0 | ከ150 እስከ 300 | ለጥቂቶች |

ዋጋው የእጅ ሥራን አይጨምርም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ የእጅ ዋጋ እጥፍ ሊለያይ ይችላል።

ጎማ ሲያድግ የሚከተሉትን ጣጣዎች ግን ቀድማችሁ እወቁ። ፍጥነት መለኪያው ይዋሻል። ከ31 ወደ 33 የሄደ መኪና 60 ማይል ሲያሳያችሁ በእውነት የምትነዱት ወደ 64 ነው። ቲኬቱ የሚጻፈው በእውነተኛው ነው። ብዙ መኪኖች በኮምፒውተር ይስተካከላሉ። ጎማው ራሱ ስለሚከብድ መኪናው ዳገት ላይ ይሰንፋል፤ ፍሬን ለመያዝም ርቀት ይጨምራል። ወደ 35 ከሄዳችሁ የዲፈረንሻል ማርሹን መቀየር ግድ ይላል። ለሁለቱም አክስል ሲሆን በቀላሉ ከ1,500 ዶላር በላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ወጪ አይቆጥረውም።

በአምስተኛው ትውልድ ፎርራነርና በሦስተኛው ትውልድ ታኮማ 33 ገደማ የሆነው 285/70አር17 ጎማ ሲገባ፣ መሪው ሙሉ ሲዞር ከጎማው ጀርባ ያለውን የቦዲ ማሰሪያ ብረት መንካቱ የተለመደ ነው። መፍትሔው ብረቱን ቆርጦ መልሶ መበየድ ነው። ሥራው በየቦታው ይሠራል። እኔ ግን ለማንም ብየዳ አልሰጠውም። ቦዲውን ከሻንሲው የሚያስር ቦታ ነው። አንድ ቁጥር ቀጠን ያለ ጎማ መርጦ መቁረጡን ማስቀረትም ይቻላል። 255/80አር17 ቁመቱ ወደ 33 ነው፤ ወርዱ ግን ጠበብ ይላል። ምርጫው ብዙ አይደለም እንጂ ለብዙ ሰው ይህ ይሻላል።

ስፔሰር ማለት ከሞላው በላይ የሚገባ ቁራጭ ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው። ሾኩ የድሮው፣ ሞላው የድሮው። መኪናው ከፍ ይላል፤ እግሩ የሚዘረጋበት ርቀት ግን አይጨምርም። እንዲያውም ፊቱ ላይ ሾኩ ቀድሞ ስለሚለጠጥ ጉድጓድ ላይ ሲወርድ ይንገጫገጫል። ለአስፋልት ይበቃል። ለበረሃ ግን የማይሆን ነው።

ሙሉ ሱስፔንሽን ሲባል ሞላውም ሾኩም ይቀየራል። ኋላው ባሌስትራ ከሆነ እሱም ይቀየራል ወይም ይጨመርበታል። የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ጭነት ለሚበዛበት መኪና ይመቻል። ሞላውን በሚጫነው ክብደት ልክ መርጣችሁ ትገዛላችሁ። ቢልስታይን ጭነት ለሌለውና በአስፋልት ብዙ ለሚነዳ ጥሩ ነው። ፎክስ፣ ኪንግና አይኮን በረሃ ላይ በፍጥነት ለሚነዳ ሰው የተሠሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ሾኩም በየጊዜው ተፈትቶ መታደስ ይፈልጋል። ልጆችን ጭኖ ወደ ቢግ ቤር ለሚወጣ ሰው ኪንግ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ፊት ለፊት ብነግራችሁ ይሻላል።

ቦዲ ሊፍት ለየት ይላል። በቦዲውና በሻንሲው መካከል ቁራጭ ድጋፍ ይገባና ቦዲው ብቻ ይነሳል። ሻንሲው ስላልተነሳ ከ23ቱ ኢንች ምንም አይወስድም። የሚመለከተው የ5 ኢንቹ ሕግ ነው። ስለዚህ የሻንሲ ኮታው ላለቀበት ኤስዩቪ ፈታኝ ይመስላል። ግን ድንጋይ ላይ ምንም አይሰጥም፤ ጎማ ማስገቢያ ቦታ ብቻ ነው። በባምፐሩና በቦዲው መካከል ክፍተት ይታያል። የመሪው ዘንግ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ ሽፋን፣ ሽቦዎችና ቱቦዎች ሁሉ መታየት አለባቸው። 1 ኢንች ከሆነ እሺ። 3 ኢንች ከሆነ እኔ አልነዳውም። በግጭት ጊዜ ቦዲውን የሚይዙት ረጃጅም ቡሎኖች ናቸውና።

የፊት እግሩ ዓይነት

ራንግለር ከፊትም ከኋላም ሙሉ አክስል አለው። ፎርራነር፣ ታኮማና የፎርዱ ብሮንኮ ፊታቸው እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ነው። ይህ የሊፍቱን ጣሪያ ይወስናል።

ለብቻው በሚንቀሳቀሰው ላይ ከ2.5 ኢንች በላይ ስትሄዱ ሲቪ ጆይንቱ (ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰው መጋጠሚያ) ይጠመዘዛል። ላስቲክ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ግሪሱ ይፈሳል፤ አሸዋ ይገባል። የላይኛው ክንድም መቀየር አለበት፤ ካልሆነ ጎማው በትክክል አይቀናም። ስድስት ኢንች የሚባሉት ኪቶች ዲፈረንሻሉን ሳይቀር ወደ ታች ያወርዱታል። ማለትም ከፍ ብላችሁ፣ የሚመታውን ዕቃ መልሳችሁ አወረዳችሁ። ለኦፍሮድ ትርጉም የለውም።

ሙሉ አክስል ባለው ራንግለር ላይ ማንሳት ቀላል ነው። ለዚህ ነው የሊፍት ገበያው በጂፕ የተሞላው። ግን አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው ትራክ ባር ካልተስተካከለ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ያረጀ ወይም የላላ ነገር ካለ ደግሞ በ60 ማይል ላይ መሪው ከእጅ እስኪወጣ ይንቀጠቀጣል። ከ3 ኢንች በላይ ሲሆን የፊት ሻፍቱም ችግር ያመጣል። 2 ኢንች ላይ ቆም ማለት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ከፋብሪካ የተዘጋጀ

ገና ልትገዙ ከሆነ ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡት።

ራንግለር ሩቢኮን ከፋብሪካ ሲወጣ ባለ 33 ኢንች ጎማ፣ ከፊትም ከኋላም ዲፍሎክ (ግራና ቀኝ ጎማዎች አንድ ላይ እንዲዞሩ የሚቆልፍ)፣ 4 ለ 1 የሚቀንስ ፎር ሎው (ለዝግታና ለጉልበት የሚሆን ማርሽ)፣ ቁልፍ ሲጫኑ የሚላቀቅ የፊት ስዌይ ባር (መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዝ ዘንግ) አለው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የመጣው ኤክስትሪም ሪኮን ጥቅል ባለ 35 ጎማ፣ 1.5 ኢንች ከፍ ያለ ሱስፔንሽንና 4.56 ማርሽ ይዞ ይመጣል። ፎርድ በብሮንኮ ላይ የሚሸጠው ሳስኳች ጥቅልም ባለ 35 ጎማ፣ ሁለት ዲፍሎክና ቢልስታይን ሾክ አለው።

እነዚህን ዕቃዎች አንድ በአንድ በኋላ ብትገጥሙ ጎማ፣ ማርሽ፣ ዲፍሎክና የእጅ ዋጋው ሲደመር ልዩነቱን ያልፋል። ከዚያም በላይ ፋብሪካው ፍሬኑን፣ የመኪና ማረጋጊያ ኮምፒውተሩንና ፍጥነት መለኪያውን ከዚያ ጎማ ጋር አስማምቶታል። ዋስትናው ሙሉ ነው። ባንክ ብድሩን ከመኪናው ጋር ያደርገዋል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አይገዛውም? አንደኛ፣ ራንግለር በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚነዳ አይመችም። ይጮኻል፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሁለተኛ፣ ያገለገለ ፎርራነር ዋጋውን አይጥልም፤ የ4.0 ሊትሩ ሞተር ደግሞ ስንት ጊዜ ተፈትኗል። እኛ ሐበሾች ቶዮታ ላይ ያለን ፍቅር ያለ ምክንያት አይደለም። ቶዮታ ወዳድ ከሆናችሁ ቲአርዲ ኦፍሮድ የተባለውን ሞዴል ከኋላ ዲፍሎክ ጋር ፈልጉ። ውዱ ሞዴል ቲአርዲ ፕሮ ላይ ከሚጨመረው ዋጋ ላይ ጥሩ ሱስፔንሽንና ጎማ ገዝታችሁ ይተርፋችኋል።

ዲፍሎክን ካነሳሁ አይቀር፣ ሁለት ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል የሚያወጣችሁ እሱ ነው። ከሻንሲው ኮታም ሰባራ ኢንች አይወስድም። የሆድ መከላከያ ብረትና የጎን መከላከያ ብረትም እንደዚሁ። 3 ኢንች ሊፍት ካለው ዲፍሎክ የሌለው መኪና፣ ሊፍት የሌለው ዲፍሎክ ያለው መኪና ይሻለኛል።

የት እንደምትሄዱም ወሳኝ ነው። 140 ማይል ገደማ የሚሆነውን ሞሃቪ ሮድ ምንም ያልተነካ ጤነኛ ፎርዊል ይጨርሰዋል። ዴዝ ቫሊ ውስጥ ወደ ሬስትራክ የሚወስደው መንገድ የሚፈልገው ጠንካራ ጎማና ትርፍ ጎማ ነው፤ ድንጋዩ ስለታም ነውና። ታሆ ሐይቅ አጠገብ ያለው 22 ማይል ገደማ የሚረዝመው ሩቢኮን ትሬል ግን ቀልድ አያውቅም። ለሱ 33 ጎማ፣ ዲፍሎክና የጎን ብረት ይዛችሁ ብትሄዱ ነው። ብሔራዊ ፓርኮቹ ውስጥ የሚገባው መኪና መንገድ ላይ እንዲነዳ የተመዘገበና ሕጋዊ መሆን አለበት። «በረሃ ነው፣ ማን ያየኛል» አይሠራም።

በሕግ ልክ መኖር የማይፈልግ ሰው ያለው መንገድ አንድ ነው። መኪናውን ለኦፍሮድ ብቻ አስመዝግቦ በተጎታች ጭኖ እንደ ጆንሰን ቫሊ ወዳለ ክልል መውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኪንግ ኦፍ ዘ ሐመርስ የተባለው የኦፍሮድ ውድድር የሚካሄድበት በረሃ ነው። እዚያ የሚታዩት ጭራቆች አብዛኞቹ በጎማቸው አልመጡም።

ትናንሽ የሚመስሉ ሕጎች

የፊት መብራቱ ከመሬት ከ22 በታች ከ54 ኢንች በላይ መሆን የለበትም። ጎማው ከቦዲው ወጥቶ ጭቃ ወደ ኋላ እንዳይረጭ ፓራፋንጎው ወይም መከላከያው ጎማውን መሸፈን አለበት። ወጣ ያለ ቸርኬ የሚወዱ ሰዎች በብዛት የሚያዙት በዚህ ነው። ለኦፍሮድ ብቻ የሆኑ መብራቶች አስፋልት ላይ ጠፍተው መሸፈን አለባቸው። ሞላና ሾክ ከጭስ ምርመራ ጋር አይገናኙም። የአየር ማስገቢያና የጭስ ማውጫ ዕቃ ስትቀይሩ ግን የካሊፎርኒያ አየር ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ቁጥር ያለውን ግዙ፤ አለበለዚያ ምርመራው ላይ ትወድቃላችሁ።

ካሊፎርኒያ እንደ አገር ቤት ቦሎ በየዓመቱ መኪና የሚፈተሽበት ነገር የላትም። ፖሊስም ሜትር ይዞ አይዞርም። ሲይዝ ግን ብዙ ጊዜ «አስተካክለህ አምጣ» የሚል ቲኬት ነው፤ አስተካክላችሁ ስታሳዩ ለአንዱ ጥፋት 25 ዶላር ከፍላችሁ ይዘጋል። ትልቁ ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው። አደጋ ደርሶ ሰው ሲጎዳ የተጎጂው ጠበቃ መኪናችሁን ያስለካዋል። 26 ኢንች ላይ የቆመ ኤስዩቪ ለሱ ሥራ ያቀልለታል። ለኢንሹራንሳችሁ የቀየራችሁትን በጽሑፍ አሳውቁ። ካላሳወቃችሁ ዕቃው ራሱ ላይከፈልላችሁ ይችላል።

ስለ ዋስትና የሚወራው ግማሹ ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የፌዴራል ዋስትና ሕግ እንደሚለው፣ ሌላ ኩባንያ የሠራው ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ሙሉ ዋስትናው አይሰረዝም። ሲቪ ጆይንቱ የተቀደደው በሊፍቱ ምክንያት ከሆነ ግን አይከፍሏችሁም። ተገቢ ነው።

ጋራዡን በሚመለከት አንድ የፌዴራል ሕግ አለ። የጥገና ድርጅት የመኪናን የደኅንነት መሣሪያ እያወቀ ከሥራ ውጭ ማድረግ አይችልም። ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ያሉ መኪኖች ደግሞ የመረጋጊያ ኮምፒውተር በግዴታ አላቸው። «እሱን እናጠፋልሃለን» የሚል ጋራዥ ካገኛችሁ ውጡ። ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ታኮማ፣ ከ2020 ጀምሮ ፎርራነር ላይ ደግሞ ከፊት ያለውን መኪና የሚያዩ ካሜራና ራዳር አሉ። ከሊፍት በኋላ አቅጣጫቸው መታየት አለበት። ጎማ ማቅናት ብቻ አይበቃም።

ያገለገለ ለምትገዙ

ሊፍት ከማሰባችሁ በፊት ሻንሲውን በመዶሻ ኳ ኳ አድርጉት። ቶዮታ ከ2005 እስከ 2010 በተሠሩ ታኮማዎች፣ እንዲሁም በ2007 እና 2008 ተንድራና ከ2005 እስከ 2008 በተሠሩ ሴኮያዎች ሻንሲ ዝገት ተከስሶ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ጨርሶታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያደገ መኪና ብዙም አይዝግም። በረዶ ላይ ጨው ከሚበተንባቸው ግዛቶች የመጣውን ግን ታሪኩን ሳታዩ አትግዙ። የዛገ ሻንሲ ላይ ጠንካራ ሞላ መግጠም ብረቱን ቶሎ መስበር ነው። የሻንሲ ቁጥሩ አጠገብ ብየዳ ወይም የተፋቀ ቦታ ካያችሁ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ቁጥሩን መነካካት ወንጀል ነው።

የሰው ሊፍት የገባበት መኪና ስትገዙ ደግሞ ደረሰኙን ጠይቁ። የኪቱ ስም ካልታወቀ ስፔሰር ነው ብላችሁ ዋጋውን አስቡ።

ከካሊፎርኒያ ውጭ ላላችሁ

ከላይ ያለው የኢንች ሒሳብ የትም ይሠራል። ሕጉ ግን ይለያያል። ቨርጂኒያ የምትለካው ባምፐሩን ነው፤ በየዓመቱም ፍተሻ አለ። በ2022 ደግሞ የፊቱ ፓራፋንጎ ከኋላው 4 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ያለ መኪናን ከልክላለች። ቴክሳስ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ለግል መኪና የደኅንነት ፍተሻን አስቀርታለች። ጀርመን ያላችሁ ሁሉንም እርሱት። እዚያ ከሞላ ጀምሮ የተፈቀደ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የቲዩፍ (የመኪና ፍተሻ ድርጅት) ባለሙያ አይቶ ካላጸደቀ መኪናው መንገድ ላይ የመሄድ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

በየትኛውም ቦታ ብትሆኑ ጋራዡን አንድ ነገር ጠይቁ። መኪናው ከመነሳቱ በፊትና ከተነሳ በኋላ የሻንሲውን ከፍታ፣ ከሁለቱ አክስሎች እኩል ርቀት ላይ ለክተው ደረሰኙ ላይ ይጻፉላችሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንጽፍም ካሉ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።